ቀለበቱ ውስጥ ከዋክብት እየተወለዱ ነው፤ ስለ ኤንጂሲ 7469 ለተሠራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ከላይ የጀምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያነሳው የአንድ ጋላክሲ ምስል አለ። መሐሉ ላይ ዓይን የሚወጋ ብርሃን፣ ከብርሃኑ ወደየአቅጣጫው የወጡ ረጃጅም ጨረሮች። ከሥሩ ደግሞ መሐል ያለው ብላክ ሆል (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው እጅግ የታጨቀ አካል) ጋላክሲውን እያቃጠለ፣ አዳዲስ ከዋክብት እንዳይወለዱ እያደረገ መሆኑን የሚተርክ ረጅም ጽሑፍ።

መጀመሪያ ምስጋና ይቅደም። ስለ ጋላክሲ በአማርኛ፣ ያውም ሰው እስከ መጨረሻው በሚያነበው መንገድ የሚጽፍ ብዙ የለንም። ጸሐፊው ያንን ችለዋል። ምላሽ የምጽፈውም ጽሑፋቸው ስለተነበበ ነው። ሁለት ተማሪዎቼ ስልካቸውን ይዘው መጥተው «ቲቸር፣ የእኛ ጋላክሲ ብላክ ሆልም ፀሐይን ያጠፋታል?» አሉኝ። አንደኛዋ የምር ፈርታለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ታልፎ አይታለፍም።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ምስሉ ላይ የሚታዩት ጨረሮች ከብላክ ሆሉ ዙሪያ የሚፈነጥቀው ኃይል ጋላክሲውን ሲሰነጥቀው የሚያሳዩ ናቸው። ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ጀምስ ዌብ የሚያየው በዓይን የማይታይ ብርሃን፣ የሚያሳየው ሙቀትን ብቻ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከብላክ ሆሉ ይምጣ ከከዋክብት መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ በኢንፍራሬድ የተለካ የከዋክብት ውልደት ሁሉ ግምት ነው። የከዋክብት ውልደት ምልክት የሚባሉት የካርቦን ሞለኪውሎች በገባሪ ማዕከል (ብላክ ሆሉ ጋዝ እየበላ በሚያበራበት የጋላክሲ መሐል) አጠገብ ይጠፋሉ፤ መጥፋታቸውም ከዋክብት መወለድ ማቆማቸውን ያረጋግጣል። ከዚህ ሁሉ ተነስተው፣ ገባሪ ብላክ ሆል ባለበት ከዋክብት አይወለዱም፣ ይህንንም ጀምስ ዌብ አረጋግጧል ብለው ይደመድማሉ።

በአራቱም ላይ የምለው አለኝ። በእኩል ደረጃ የተሳሳቱ ግን አይደሉም።

ከምስሉ ልጀምር። ጋላክሲው ኤንጂሲ 7469 ይባላል። ከእኛ 220 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ የሚገኘውም ፔጋሰስ በሚባለው ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ ነው። ምስሉ ትክክለኛ ነው፣ ማንም አልነካካውም። ጨረሮቹ ግን ጋላክሲው ውስጥ የሉም። ቴሌስኮፑ የፈጠራቸው ናቸው። የጀምስ ዌብ ዋና መስታወት ባለ ስድስት ጎን ከሆኑ 18 ቁራጮች የተገጣጠመ ነው። ሁለተኛውን መስታወት ደግሞ ሦስት ዘንጎች ከፊቱ ይዘውታል። በጣም ደማቅ የሆነ ነጥብ ላይ ሲነጣጠር ብርሃኑ በመስታወቶቹ ጠርዝና በዘንጎቹ ላይ ይበተንና ስድስት ትላልቅና ሁለት ትናንሽ ጨረሮች ይሠራል። ተራ ኮከብ ቢያነሳም ይኸው ቅርጽ ይወጣል። ሐብል የተባለው ቴሌስኮፕ በሚያነሳቸው ደማቅ ከዋክብት ላይ የምናየው ደግሞ ባለ አራት ጫፍ መስቀል ነው፤ የመስታወቱ አያያዝ ስለሚለይ። ማታ የመንገድ መብራት እያያችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉት። ከመብራቱ ጨረር የወጣ ይመስላችኋል። የሠራው ሽፋሽፍታችሁ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር እሰጣለሁ። ጨረሮቹ የወጡት የጋላክሲው ማዕከል በእውነት እጅግ ደማቅና በጣም ጠባብ ቦታ ላይ የታጨቀ ስለሆነ ነው። ይህ ጋላክሲ ገባሪ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ግዙፍ ብላክ ሆል ጋዝ እየሳበ ይበላል፣ ጋዙም ገብቶ ከመጥፋቱ በፊት ይግላል፣ ይንቀለቀላል። ስለዚህ ጨረሮቹ የኃይለኛ ማዕከል ምልክት ናቸው ቢሉ ኖሮ አልከራከርም ነበር። ጋላክሲውን ይሰነጥቃሉ ማለታቸው ነው ስህተቱ።

በዚያው ምስል ላይ፣ ከጨረሮቹ ሥር፣ ጽሑፉ ያላነሳው ነገር አለ። ከማዕከሉ 1,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ የሚዞር ደማቅ ቀለበት። ያ ቀለበት ከዋክብት በብዛት የሚወለዱበት ቦታ ነው። ከዋክብት አይወለዱም ለማለት የተመረጠው ምስል የከዋክብት ማዋለጃ ክፍል ምስል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስገባ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነውና።

ኢንፍራሬድ ሙቀትን ያሳያል፣ ልክ ነው። የከሰል ምድጃ ላይ እጃችሁን ብትዘረጉ የምትሞቁት በዚሁ ጨረር ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁን ብቻ ብትዘረጉ ከሥር የሚነደው ከሰል ይሁን የባሕር ዛፍ እንጨት አታውቁም። ጸሐፊው የሚሉት ይህንን ነው። የብርሃኑን ጠቅላላ መጠን ብቻ የምንለካ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። በከዋክብትም በብላክ ሆልም የሞቀ አቧራ ሁለቱም ያበራል።

ይህ ጥያቄ የሙያው ሰዎች ለዓመታት የተከራከሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አይራስ የተባለው ሳተላይት ሰማዩን በኢንፍራሬድ ሲቃኝ፣ በዓይን ሲታዩ ደብዛዛ የሆኑ፣ በኢንፍራሬድ ግን ከአንድ ትሪሊዮን ፀሐይ በላይ የሚያበሩ ጋላክሲዎች በብዛት አገኘ። ምንድን ነው የሚያነዳቸው? የተደበቀ ብላክ ሆል ወይስ የከዋክብት ውልደት? አቧራው በተለመደው ብርሃን አያሳልፍም። ብርሃን በመመጠን ብቻ ደግሞ መልስ አልተገኘም።

መልስ የመጣው ብርሃኑን በመበተን ነው። ስፔክትረም ማለት ይኸው ነው። ዝናብ ሲያባራ ቀስተ ደመና የፀሐይን ብርሃን ቀለም በቀለም እንደሚዘረጋው፣ ስፔክትሮስኮፕ የኢንፍራሬዱን ብርሃን በሞገድ ርዝመት ይዘረጋዋል። ሲዘረጋ የሙቀቱ ብርሃን እንደ ሰፊ ኮረብታ ይታያል። ከኮረብታው ላይ ግን ቀጫጭን መስመሮች ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ዓይነት አቶም ፊርማ ነው።

ኒዮንን እንያት። በየሱቁ በር ላይ የምታበራዋ ኒዮን ራሷ ናት። ከኒዮን አቶም አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 21.6 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ የኃይል መለኪያ ነው) ኃይል ይበቃል። ትልልቅ ወጣት ከዋክብት ይህንን በቀላሉ ያደርጉታል። አንድ ኤሌክትሮን የጎደላት ኒዮን 12.81 ማይክሮን ላይ ታበራለች። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አራት ኤሌክትሮን ለመግፈፍ ግን ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። አራተኛውን ብቻ ለማውጣት 97 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ጉልበት ያለው ብርሃን ከተራ ከዋክብት በበቂ መጠን አይወጣም፤ ብላክ ሆል ሲበላ ግን በገፍ ይወጣል። አራት የጎደላት ኒዮን የምታበራው 14.32 እና 24.32 ማይክሮን ላይ ነው። እንግዲህ ከአንዱ ኤለመንት ሁለት ፊርማ አለን። አንዱ በዋናነት የከዋክብት፣ ሌላው የብላክ ሆል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የመጠቀው አይሶ የተባለው የአውሮፓ ቴሌስኮፕ እንዲህ ያሉ መስመሮችን አነበበ። በ1998 በራይንሃርድ ገንዘል የሚመራ ቡድን 15 እጅግ ደማቅ የኢንፍራሬድ ጋላክሲዎችን መርምሮ፣ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በዋናነት የሚነዱት በወጣት ከዋክብት፣ የቀሩት በገባሪ ብላክ ሆል መሆኑን አሳወቀ። መለየት አይቻልም የተባለው ነገር ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ሳይወለዱ ተለይቷል። ከዚያ በኋላ በ2003 የመጠቀው ስፒትዘር የተባለው ቴሌስኮፕ ይህንኑ ሥራ እጅግ ብዙ ጋላክሲዎች ላይ ደገመው።

ማመን ብቻ አይበቃም የሚል ካለ፣ የኤንጂሲ 7469 የጀምስ ዌብ መረጃ ለሁሉም ክፍት ነው። እኔ ሌሊት ኢንተርኔት ሲፈጥን አውርጄው ከፍቼዋለሁ። ጋላክሲው ከእኛ እየራቀ ስለሆነ መስመሮቹ 1.6 በመቶ ያህል ወደ ረጅሙ ሞገድ ሸርተት ብለዋል። ስለዚህ 12.81ን የፈለገ ሰው 13.02 አጠገብ፣ 14.32ን የፈለገ 14.55 አጠገብ ያገኛታል። የጀምስ ዌብ ስፔክትሮስኮፕ ትልቁ ነገር ለእያንዳንዷ የምስል ነጥብ የራሷን ስፔክትረም መስጠቱ ነው። ጣታችሁን ማዕከሉ ላይ ብታደርጉ 14.55 ላይ ያለችው መስመር ቆማ ትጠብቃችኋለች። ወደ ቀለበቱ ስትወጡ እሷ ትደክማለች፣ 13.02 ላይ ያለችው ትጎላለች። መጀመሪያ ሳየው ወንበሬን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ። ብላክ ሆሉና የከዋክብቱ ቀለበት በአንድ ጋላክሲ ውስጥ ለየብቻ ሲናገሩ መስማት ማለት ነው።

ጸሐፊው ሊሉ የሚችሉትን አውቃለሁ። መስመሮቹ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ምስክር አይደሉም። እውነት ነው። 12.81 ላይ ያለችውን መስመር ማዕከሉም በከፊል ያበራታል። ከፍተኛ ጉልበት የሚጠይቁት መስመሮችም በሚሞቱ ከዋክብት ቅሪት ዙሪያ ደከም ብለው ይታያሉ። ለዚህ ነው ማንም በአንድ መስመር ብቻ የማይፈርደው፤ የመስመሮቹ ንጽጽር ነው የሚታየው። አርፕ 220 የምትባል ጋላክሲ ደግሞ አለች። አቧራዋ ከመክበዱ የተነሳ የመካከለኛው ኢንፍራሬድ ብርሃን ራሱ ከውስጥ በደንብ አይወጣም። በውስጧ የተደበቀ ገባሪ ብላክ ሆል ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። እንዲህ ያለች ጋላክሲ ላይ «ግምት ነው» ቢሉ እስማማለሁ። ከአርፕ 220 ተነስቶ ስለ ሁሉም መናገር ግን አይቻልም።

ሦስተኛው ነጥብ የካርቦኖቹ ነገር ነው። ሞለኪውሎቹ በሙያው ፒኤኤች ይባላሉ። ካርቦን በቀለበት በቀለበት ተያይዞ የሚሠራቸው ናቸው። እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። በእንጨት ጭስ የጠቆረ የገጠር ማድ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ጥቀርሻ ውስጥ ዘመዶቻቸው አሉ። በኅዋ ደግሞ የወጣት ከዋክብት ብርሃን ሲያገኛቸው 6.2፣ 7.7 እና 11.3 ማይክሮን ላይ ሰፋፊ ጉብታ ሠርተው ያበራሉ። ጉብታው ሲጎላ በአካባቢው ከዋክብት እየተወለዱ ነው ማለት ነው።

በገባሪ ማዕከል አጠገብ ይደክማሉ የሚለው ልክ ነው። ስፒትዘር በግልጽ አይቶታል፤ በተለይ የ7.7 ጉብታ ከ11.3 ጋር ሲነጻጸር ያንሳል። ችግሩ ከዚያ የወጣው ድምዳሜ ነው። ነፋስ ጭሱን ስለወሰደው እሳቱ ጠፍቷል አይባልም። የብላክ ሆሉ ኃይለኛ ጨረር ትናንሾቹን ሞለኪውሎች ይሰባብራል። ሞለኪውል ተሰበረ ማለት ኮከብ አልተወለደም ማለት አይደለም። መለኪያው ተበላሸ ማለት ነው። መለኪያ ሲበላሽ ደግሞ ሌላ መለኪያ እንወስዳለን። የ11.3 ጉብታ የተሻለ እንደሚቋቋም ታይቷል፣ ኒዮኗም አለች። እንዲያውም ጀምስ ዌብ ኤንጂሲ 7469ን ጨምሮ በጥቂት ገባሪ ጋላክሲዎች ማዕከል አጠገብ ሞለኪውሎቹ እስከ ውስጥ ድረስ መኖራቸውን አሳይቷል። የቀሩት ተለቅ ተለቅ ያሉትና ጠንካሮቹ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ሁለተኛው ነጥብ በኢንፍራሬድ የከዋክብትን ውልደት ማወቅ አይቻልም ይላል። ሦስተኛው በዚያው ኢንፍራሬድ ከዋክብት አለመወለዳቸው ተረጋገጠ ይላል። ሁለቱ አብረው አይቆሙም። ጸሐፊው አንዱን መምረጥ አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ድምዳሜ። ገባሪ ብላክ ሆል ባለበት ከዋክብት አይወለዱም?

ለጸሐፊው ከሁሉ የሚበልጠውን እዚህ እሰጣለሁ። ብላክ ሆል የከዋክብትን ውልደት ሊያዳክም፣ ሊያቆምም ይችላል። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። ማርካሪያን 231 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ሞለኪውላዊ ጋዝ በሴኮንድ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ሲወጣ ሄርሸል የተባለው የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ አይቷል። በ2024 ደግሞ ጀምስ ዌብ በጥንታዊው ዩኒቨርስ ውስጥ ያለ፣ ከዋክብት መውለድ ያቆመ አንድ ግዙፍ ጋላክሲ መርምሮ፣ ለከዋክብት ማገዶ ሊሆን የሚችለውን ቀዝቃዛ ጋዝ ብላክ ሆሉ እየገፋ ሲያስወጣ አግኝቷል። ጠንካራ ማስረጃ ነው። ጸሐፊው ይህንን ጠቅሰው ቢሆን ጽሑፋቸው የበለጠ ይከብድ ነበር።

ነገር ግን «ሊያቆም ይችላል» እና «ያቆማል» ይለያያሉ። ያው ማርካሪያን 231 ጋዙ እየወጣ ሳለ በዓመት ከመቶ ፀሐይ በላይ የሚመዝኑ አዳዲስ ከዋክብት ይወልዳል። የእኛ ፍኖተ ሐሊብ የሚወልደው በዓመት ሁለት ፀሐይ ገደማ ነው። ኤንጂሲ 7469ም ከማዕከሉ ጋዝ በከፍተኛ ፍጥነት ይወጣል፤ ቀለበቱ ላይ ግን ጉዳቱ ጎልቶ አልታየም። በጀምስ ዌብ ተረጋግጧል የተባለውና በጀምስ ዌብ የተገኘው ይለያያሉ።

ተቃራኒው የታየበትም ቦታ አለ። ሴንታውረስ ኤ በተባለችው ቅርብ ገባሪ ጋላክሲ፣ ከብላክ ሆሉ የሚወረወረው ጄት (ቀጭንና ፈጣን ፍሰት) ከውጭ ያለውን ጋዝ መትቶ በመንገዱ ከዋክብት አስወልዷል። በ2022 ደግሞ ሄኒዝ 2-10 በምትባል ድንክ ጋላክሲ ውስጥ ብላክ ሆሉ የሚያወጣው ጋዝ ደመናውን ጨቁኖ አዳዲስ ከዋክብት እንዲወለዱ ማድረጉ ታትሟል።

ከዚህ ርዕስ ጋር የአዲስ አበባ ስም ያለበት ሥራም አለ። ዶክተር ሚርያና ፖቪች በኢትዮጵያ ሆነው ገባሪ ጋላክሲዎችን የሚያጠና ቡድን ያቋቋሙ ሳይንቲስት ናቸው። በ2017 ከሩዋንዳ ተመራማሪዎች ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከዋክብት መውለድ እየቀነሱ ነው በሚባሉ ጋላክሲዎች መካከል በሩቅ ኢንፍራሬድ (በረጅሙ የኢንፍራሬድ ሞገድ) የሚያበሩትን ለዩ። ገባሪ ብላክ ሆል ያላቸውን ከሌላቸው ጋር አነጻጸሩ። ገባሪዎቹ የመታፈን ምልክት አላሳዩም። እንዲያውም ብላክ ሆሉ ውልደቱን እያገዘ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው ይህን ጥናት ቢያገኙት ኖሮ ያለ ጥርጥር ይጠቅሱት ነበር ብዬ አስባለሁ።

የጊዜም ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። ብላክ ሆል ይበላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይበላል። አንዱ ዙር መቶ ሺህ ዓመት ገደማ ብቻ ሊቆይ ይችላል ተብሎ ይገመታል። የከዋክብት ውልደት ግን በአሥርና በመቶ ሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ ገባሪ ሆኖ የሚታየው ብላክ ሆል በዛሬው ውልደት ላይ ምን እንዳደረገ በአንድ ፎቶ መፍረድ ይከብዳል። ትናንት ማታ ዝናብ ዘንቦ ዛሬ ጠዋት አዝመራው አደገ ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ለተማሪዎቼ የመለስኩላቸውን ልንገራችሁ። የከዋክብት ውልደት ቆመ ሲባል ያሉት ከዋክብት ይጠፋሉ ማለት አይደለም። አዲስ የሚሠራበት ጋዝ ታጣ ማለት ነው። ፀሐይ ማገዶዋን ይዛ ተወልዳለች፤ ገና አምስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይቀራታል። የእኛ ጋላክሲ ብላክ ሆል አራት ሚሊዮን ፀሐይ ይመዝናል፣ ከእኛ 26,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ አሁን ደግሞ የሚበላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በመካከላችን ያለው አቧራ ከማዕከሉ ከሚነሳው በዓይን የሚታይ ብርሃን የሚያሳልፈው ከትሪሊዮን አንዱን ገደማ ብቻ ነው። በኢንፍራሬድ ግን ይታያል። የገንዘልና የአንድሪያ ጌዝ ቡድኖች ለአሥርተ ዓመታት ያዩት በዚያ ነው። ለዚሁ ሥራ ሁለቱ መሪዎች በ2020 ኖቤል ተሸልመዋል። ከብላክ ሆሉ አጠገብ፣ ከአንድ ሁለት የብርሃን ዓመት በማይርቅ ቦታ፣ ምን አገኙ? ዕድሜያቸው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ የሆነ ትልልቅ ወጣት ከዋክብት።

ፈርታ የነበረችው ልጅ ዝም ብላ ሰማችኝና «እዚያው አጠገቡ ተወልደው ነው?» አለች። ብዙዎቹ እንደዚያ ይመስላሉ አልኳት። የኤንጂሲ 7469ን ፋይል እንድልክላት ጠየቀችኝ። ላኩላት፤ 14.55ን ፈልጊ ብዬ።